ማክቡክ ኤር 2014 ላይ ሊኑክስ ሚንት፦ ዋይፋዩ የት ገባ?

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦

«ሐዋሳ የምማር የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ስትጠቀምበት የነበረውን ማክቡክ ኤር 2014 ሰጠችኝ። ራሙ 4 ጊጋ ነው፣ ዲስኩ 128። ማክኦኤሱ ቢግ ሰር የሚባለው ቨርዥን ላይ ቆሟል፤ ከዚያ በላይ አልሄድም ይላል። ክሮምም አፕዴት አልቀበል አለ። በማክኦኤሱ ቦታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም ልጫን ብዬ በፍላሽ አስነሳሁት። ተከፈተ፣ ግን ዋይፋይ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ካሜራውም የለም። ጥገና ቤት ስወስደው ‹ማክ ላይ ሊኑክስ አይሄድም፣ አትልፊ› አሉኝ። እውነት ነው? የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራሙ ፒችትሪስ ይሠራልኛል? ጓደኛዬም 2019 ማክቡክ ኤር አላት፤ እሷም መጫን ትፈልጋለች።»

እህቴ፣ ይሄዳል። እንዲያውም በጥሩ ሁኔታ ይሄዳል። በፍላሽ አስነስተሽ ዴስክቶፑ ድረስ ከገባሽ ትልቁን ክፍል አልፈሻል። ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ፣ ትራክፓዱ፣ ድምፁ፣ ብሉቱዙ፣ የኤስዲ ካርድ ማስገቢያው ሁሉም ያለ ምንም ልፋት ይሠራሉ። አልስማማ ያሉት ሁለት ዕቃዎች ብቻ ናቸው፦ የዋይፋይ ካርዱና ካሜራው። ሁለቱም ብልሽት የለባቸውም። ድራይቨራቸው፣ ማለትም ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው የጎደለው።

ሊኑክስ ላይ አብዛኛው ድራይቨር ለብቻው አይወርድም። ከኬርነሉ ጋር፣ ማለትም ከሲስተሙ ዋና ክፍል ጋር አብሮ ይመጣል። ለዚያ ግን ድራይቨሩ ክፍት መሆን አለበት፤ ማንም ኮዱን ማየትና ማስተካከል መቻል አለበት። ከ2013 አጋማሽ እስከ 2017 የወጡት ማክቡክ ኤሮች የያዙት የዋይፋይ ቺፕ ብሮድኮም ቢሲኤም 4360 ነው። ብሮድኮም በ2010 ለአንዳንድ ቺፖቹ ክፍት ድራይቨር ለቋል፤ 4360 ግን ከእነሱ ውስጥ የለም። ለእሱ ያለው «ደብሊውኤል» የሚባል፣ ዋናው ክፍሉ የተዘጋ ድራይቨር ነው። ስለዚህ ኬርነሉ ውስጥ አይገባም። ለብቻው ወርዶ፣ አንቺ ማሽን ላይ ካለው ኬርነል ጋር እዚያው መገጣጠም አለበት። ሚንት ሲነሳ ዋይፋዩን ያላሳየሽ ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልንገርሽ። የ2012ቱ 13 ኢንች ማክቡክ ኤር ከአንቺው ጋር ከውጭ ሲታይ አንድ ነው። ከታች የተጻፈው የሞዴል ቁጥር እንኳ አንድ ነው፤ ሁለቱም ኤ1466 ናቸው። ውስጡ ያለው የዋይፋይ ቺፕ ግን ሌላ ነው፤ ለእሱ ክፍት ድራይቨር ስላለው ከፍላሹ እንደተነሳ ዋይፋይ ያገኛል። ስለዚህ አንድ ሰው «እኔ ማክቡክ ኤር ላይ ጭኜ ምንም ችግር አልገጠመኝም» ቢልሽ እውነቱን ሊሆን ይችላል። የእሱ መፍትሔ ግን ለአንቺ አይሆንም። መታየት ያለበት የወጣበት ዓመት ነው። ማክኦኤሱን ክፈቺና ከላይ በስተግራ ካለው የፖም ምልክት «ስለዚህ ማክ» የሚለውን ተመልከቺ፤ ዓመቱ እዚያ አለ።

አሁን ወደ ሥራው። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ። ይህ ማሽን የኔትወርክ ኬብል መሰኪያም የለውም። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። መውጫው ስልክሽ ነው።

በፍላሽ አስነሺው፤ ገና አትጫኚው። ስልክሽን በኬብል ላፕቶፑ ላይ ሰኪ። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ፣ ሆትስፖት ያለበት ቦታ፣ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚል አለ። ኬብሉ በትክክል ካልተሰካ ይህ ምርጫ ደብዝዞ ነው የሚታየው፤ ሊነካም አይችልም። ተሰክቶም ከደበዘዘ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። በርካሽ ከሚሸጡት ኬብሎች ብዙዎቹ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርጉት፤ ዳታ አያሳልፉም። ከስልኩ ጋር በካርቶኑ የመጣውን ፈልጊ። ቴተሪንጉን ስታበሪው ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ሚንት ላይ ከታች በስተቀኝ ያለው የኔትወርክ ምልክት ይቀየራል። ሚንት ስልኩን የሚያየው እንደ ኬብል ኢንተርኔት ነው፤ ምንም ተጨማሪ ድራይቨር አይጠይቅም። ደግሞ ስልክሽ በዚያ ሰዓት ከግቢው ዋይፋይ ጋር የተገናኘ ከሆነ ያንኑ ነው የሚያካፍለው። ፓኬጅሽ አይነካም።

ቀጥሎ ሜኑ ውስጥ «ድራይቨር ማናጀር» ብለሽ ፈልጊና ክፈቺ። ትንሽ ይፈልጋል፣ ከዚያ ብሮድኮም የሚል ስም ያመጣል። እሱን መርጠሽ አጽድቂ። አውርዶ እስኪገጣጥም ደቂቃዎች ይፈጃል፤ መሃል ላይ ዝም ያለ ቢመስልሽም ተይው። ሲጨርስ አብዛኛውን ጊዜ የዋይፋይ ዝርዝሩ ወዲያው ይወጣል። «ሪስታርት» ቢልሽ በፍላሽ እያለሽ እሺ አትበይው፤ ማሽኑ ሲጠፋ የጫንሽው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። አሁን እየፈተሽሽ ነው እንጂ እየጫንሽ አይደለም።

የማሳስብሽም ይህንኑ ነው። ማክኦኤሱን ከማጥፋትሽ በፊት ሁሉንም በፍላሽ ፈትሺ። ዋይፋይ ያዘ? ዩቲዩብ ከነድምፁ ተከፈተ? የስክሪን ብርሃን ከፍ ዝቅ አለ? ፕሪንተር ካለሽ አተመ? ብዙ ሰው መጀመሪያ ፎርማት ያደርጋል፣ ከዚያ ነው ችግር የሚፈልገው። ያን ጊዜ የሚሠራ ማሽን በእጁ የለም።

የትኛውን ሚንት? 22.1ን እመክርሻለሁ፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ዓይነት። ኤክስኤፍሲኢ ቀለል ያለው ስለሆነ ለ4 ጊጋ ራም ይሻላል። 22.1 የሆነበት ምክንያት ደግሞ ኬርነሉ 6.8 ስለሆነ ነው። ከ22.2 ጀምሮ ያሉት በአዲስ ኬርነል ነው የሚመጡት። አዲስ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለው ለዚህ ማሽን አይሠራም። ብሮድኮም ያንን ድራይቨር ለመጨረሻ ጊዜ ያወጣው በ2015 ነው። ከዚያ ወዲህ በየአዲሱ ኬርነል እንዲሠራ የሚጠግኑት የኡቡንቱ፣ የዴቢያንና የሌሎች የሊኑክስ ሲስተሞች ሰዎች ናቸው። ኬርነል ሲቀየር ጥገናው ኋላ ሊቀር ይችላል። 6.8 ግን ሚንት 22 የተሠራበት የኡቡንቱ 24.04 የራሱ ኬርነል ነው፤ የደህንነት አፕዴት እስከ 2029 ያገኛል። እሱ ላይ ብትቆዪ የሚቀርብሽ ነገር የለም።

ዲስኩን በተመለከተ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አኑሪያቸው። ማክኦኤስ ላይ እያለሽ መጀመሪያ ፋይሎችሽን ውጭ ባለ ሃርድ ዲስክ ገልብጪ። ከዚያ «ዲስክ ዩቲሊቲ» ውስጥ ገብተሽ ማክኦኤሱን አሳንሺና ወደ 50 ጊጋ ነጻ አድርጊ። ሚንትን ስትጭኚ እዚያ ነጻ ቦታ ላይ ይገባል። 128 ጊጋ ለሁለት ሲከፈል እንደሚጠብ አውቃለሁ። ግን አንድ ሁለት ወር በሚንት ሠርተሽ ሲመችሽ ማክኦኤሱን መሰረዝ ይቻላል። አሳስቶሽ አሁኑኑ ብትሰርዢውም መመለሻ አለ፦ ስታስነሺው ኦፕሽን፣ ኮማንድና አር የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ከያዝሽ ማሽኑ ራሱ ማክኦኤስን ከአፕል ያወርዳል። ነገር ግን ከ10 ጊጋ በላይ ዳታ ነው፤ በሞባይል ፓኬጅ አይሞከርም።

ሚንትን ስትጭኚም ስልኩ እንደተሰካ ይሁን። ጭኖ ሲጨርስና ከዲስኩ ሲነሳ ድራይቨር ማናጀርን እንደገና ክፈቺና ያንኑ ድገሚ። አሁን የጫንሽው ይቀራል። ወዲያው ደግሞ «ታይምሺፍት» የሚባለውን ከፍተሽ የሲስተሙን ቅጂ አንድ ጊዜ አስቀምጪ። ዋይፋዩ ወደሚሠራበት ቀን መመለሻሽ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሊገጥምሽ የሚችለውን አስቀድሜ ልንገርሽ። አፕዴት ታደርጊያለሽ፣ ማሽኑ ይነሳል፣ ዋይፋይ የለም። አትደንግጪ፣ ፎርማትም አታድርጊ። አዲስ ኬርነል ገብቶ ድራይቨሩ ከእሱ ጋር ሳይገጣጠም ቀርቶ ነው። ማሽኑን አጥፍተሽ አስነሺው፤ ሲነሳ ኢስኬፕ የሚለውን ቁልፍ ነካ ነካ አድርጊ። አንድ ሜኑ ይመጣል። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለው ውስጥ የቆዩት ኬርነሎች በቁጥራቸው ተደርድረዋል። ከላይ ያለውን ትተሽ ሁለተኛውን ቁጥር ምረጪ። ዋይፋዩ ይመለሳል። «የሪከቨሪ» ምልክት ያለበትን አትንኪ፤ ተራውን ውሰጂ። ስለዚህ አፕዴት ማናጀሩ «የድሮ ኬርነሎችን ላጽዳልሽ» ቢልሽ ቢያንስ አንድ የሚሠራ አስቀሪ።

አንድ ከባድ ነገር አለ፣ መደበቅ ግን ልክ አይደለም። ይህ የተዘጋ ድራይቨር በ2019 የደህንነት ቀዳዳዎች ተገኝተውበታል። የቺፑ ሬንጅ ውስጥ ያለ ክፉ ሰው የተዘጋጀ መልእክት ልኮ ማሽኑን ሊያጠቃ የሚችልበት ዓይነት። ለቤትና ለግቢ አጠቃቀም እኔ እንዳትጠቀሚው አልልሽም። ነገር ግን ሥራሽ የሰው ገንዘብና መዝገብ ወደመያዝ ሲሄድ፣ በየካፌውና በየሆቴሉ ዋይፋይም የምትገቢ ከሆነ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ አስማሚ ግዢና የውስጡን ተይው። እሱ ክፍት ድራይቨር ያለው ከሆነ የኬርነሉ ጣጣም አብሮ ይቀርልሻል።

አስማሚ ስትገዢ ግን ካርቶኑን አትመኚ። ወሳኙ የብራንዱ ስም ሳይሆን ውስጡ ያለው ቺፕ ነው። ሚዲያቴክ ኤምቲ 7612ዩ ወይም ኤምቲ 7601ዩ የያዙት ሲሰኩ ይሠራሉ፤ ሁለተኛው ርካሽና ዘገምተኛ ነው። ቲፒ-ሊንክ ደብሊውኤን 722ኤን የሚባለውን ብዙ ሰው ይመክራል። ይህ ምክር የቆየ ነው። ቨርዥን 1 ውስጡ አቴሮስ ስለነበር ሊኑክስ ላይ ድንቅ ነበር። ከቨርዥን 2 ጀምሮ ግን ቺፑ ሪልቴክ ሆኗል፤ ካርቶኑና ስሙ ግን ያው ነው። የቨርዥን ቁጥሩ ከዕቃው ጀርባ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ሱቅ ውስጥ ቆመሽ አንብቢው። ከተቻለ ደግሞ ላፕቶፑን ይዘሽ ሂጂና ሰክተሽ እዪ።

ካሜራው። እውነቱን ለመናገር እርሺው። የአፕል ካሜራ ከሌላው ላፕቶፕ ካሜራ በተለየ መንገድ ነው የተገጠመው። ፈቃደኛ ሰዎች አሠራሩን ፈልፍለው ድራይቨር ጽፈውለታል፣ ይሠራልም። ግን ከአፕል ሶፍትዌር ውስጥ ፋይል ማውጣት ይጠይቃል፤ ኬርነል በተቀየረ ቁጥርም እንደ ዋይፋዩ ጣጣ አለው። ለጉግል ሚትና ለዙም ስልክሽን ተጠቀሚ፣ ወይም ተራ የዩኤስቢ ካሜራ ግዢ። እሱ ወዲያው ይሠራል።

ሌላ የሚያበሳጭ ነገር ቢኖር ክዳኑን ዘግተሽ ቦርሳ ውስጥ ስትከቺው ነው። አንዳንዱ ማክቡክ ኤር ሊኑክስ ላይ ተኝቶ ወዲያው ይነቃል፣ ቦርሳ ውስጥ ይግላል፣ ባትሪውን ይጨርሳል። መጀመሪያ ቤት ሞክሪው፦ ዝጊው፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ዳስሺው። ከሞቀ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነቃው የዩኤስቢ ክፍሉ ነው፤ «ኤክስኤችሲ1» በሚል ስም ሲስተሙ ውስጥ ይገኛል፤ እንዳያነቃ ማድረግ ይቻላል። እስክታስተካክይው ድረስ ከግቢ ስትወጪ ሙሉ በሙሉ አጥፊው።

ባትሪውንም ማክኦኤሱ እያለ እዪው። «ሲስተም ሪፖርት» ውስጥ ፓወር የሚለው ጋ «ሳይክል ካውንት» አለ፤ ባትሪው ስንት ዙር ተሞልቶ እንዳለቀ ይቆጥራል። አፕል ለዚህ ባትሪ የሰጠው ዕድሜ 1000 ዙር ነው። ወደዚያ ከተጠጋ ቶሎ ማለቁን በሊኑክሱ አታሳቢው። ሚንት ላይ «ቲኤልፒ» የሚባለውን ባትሪ ቆጣቢ ብትጭኚ ትንሽ ይረዳል።

ስለ 4 ጊጋው ራም። ከቦርዱ ጋር ተበይዷል፣ አይጨመርም። ኤክስኤፍሲኢ ላይ ፋየርፎክስ ከፍተሽ፣ አንድ ፒዲኤፍ እያነበብሽ፣ ሊብሬኦፊስ ላይ መጻፍ ትችያለሽ። ሃያ ታብ ከፍተሽ ግን አይሆንም። በዚሁ ምክንያት «ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር» በሚባለው አዲስ ማክኦኤስ ጫኚበት የሚልሽ ቢኖር አልመክርሽም። መጫኑ ይጫናል፣ ግን 4 ጊጋ ላይ ይጎተታል።

ለአማርኛ አትስጊ። ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ ሌይአውት ላይ አማርኛ የሚለውን መጨመር ይቻላል። በላቲን ፊደል ድምፁን እየጻፍሽ ወደ ግዕዝ ፊደል እንዲቀየር ከለመድሽ ደግሞ «አይባስ» ከሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ጋር «ኤም17ኤን» የሚለውን ጫኚ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ድሮ በፓወር ግዕዝ የተጻፉ፣ ዩኒኮድ (የዛሬው የጋራ የፊደል ኮድ) ያልሆኑ ፋይሎች ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የሌለው ፊደል ሆነው ነው የሚከፈቱት። ፋይሉ ተበላሽቷል ብለሽ እንዳትጥዪው።

ፒችትሪ። እዚህ ላይ መልሴ አይ ነው። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ አሁን ባለው ማክኦኤስም አልሠራልሽም፣ በሚንትም አይሠራም። «የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው ዋይን ታስነሺዋለሽ» የሚል ሰው አይጠፋም። ለፈተናና ለፕሮጀክት በእሱ አትታመኚ። ሚንት ውስጥ ሌላ ዊንዶውስ ማስነሳትም ይቻላል፣ ግን 4 ጊጋው ለሁለቱ አይበቃም። ማሽንሽ በቡት ካምፕ (ማክ ላይ ዊንዶውስ በሚጭነው የአፕል ፕሮግራም) ዊንዶውስ 10ን ይቀበላል፤ እሱ ግን መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ደግሞ ማሽንሽ ላይ የለም። ስለዚህ የፒችትሪ ልምምድሽን የግቢው ላብ ላይ አድርጊ፤ ይህን ላፕቶፕ ለንባብ፣ ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለተራ የኤክሴል ሥራ ያዢው። ፒችትሪ በየቀኑ የግድ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ሊኑክስ የአንቺ መልስ አይደለም፤ ዊንዶውስ የሚችል ሌላ ማሽን ነው የሚያስፈልግሽ።

የጓደኛሽ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የ2019 ማክቡክ ኤር ቲ2 የሚባል የደህንነት ቺፕ አለው። በተራው የሚንት ፍላሽ ላስነሳው ብትል መጀመሪያ ራሱ አይፈቅድላትም፤ በማኩ ሪከቨሪ (የጥገና ገጹ) ገብታ ከውጭ እንዲነሳ መፍቀድና የደህንነት ቁጥጥሩን ማውረድ አለባት። ያንን አልፋ ብትገባም የራሱ ኪቦርድና ትራክፓድ አይሠሩም፤ የዩኤስቢ ኪቦርድና ማውስ መሰካት ይኖርባታል። ለእነዚህ ማሽኖች የተለየ ኬርነል የሚያዘጋጅ «ቲ2 ሊኑክስ» የሚባል የፈቃደኞች ሥራ አለ፤ በእሱ ይሠራል፣ ግን ለጀማሪ አይደለም። የእሷ ማሽን እስከ ማክኦኤስ ሶኖማ ይደርሳል። ሶኖማን ትጫንና ትጠቀምበት፤ አሁን ሊኑክስ አያስፈልጋትም። ከእሷም አልፎ ኤም1 ወይም ኤም2 ያለው ማክ የሚገዛ ሰው ከጠየቀሽ ደግሞ መንገዱ «አሳሂ ሊኑክስ» ነው፤ እሱም በፍላሽ ሳይሆን ከማክኦኤሱ ውስጥ ተነስቶ ነው የሚጫነው።

ለአንቺ የቀረው ኬብሉን ማግኘት ነው። ድራይቨር ማናጀሩ ብሮድኮምን ካላሳየሽ ሜኑ ውስጥ «ሲስተም ሪፖርትስ» ክፈቺና «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ገጹ ላይ ኔትወርክ የሚለው ሥር የተጻፈውን የቺፕ ስም እንዳለ ገልብጠሽ ላኪልኝ። ከዚያ ተነስቼ ቀጣዩን እነግርሻለሁ።